ማለፍም መልስ ነው

በብሪጅ የካርታ ጨዋታ ሁለት አጋሮች ከ13ቱ ዙሮች 12ቱን ወይም ሁሉንም እንደሚያሸንፉ አስቀድመው ተናግረው ከተሳካላቸው፣ ስላም ሠሩ ይባላል። ጉርሻው ለ12 ዙር ቢያንስ 500 ነጥብ፣ ለ13 ደግሞ ቢያንስ 1000 ነው። ሁለት አስ በተጋጣሚ እጅ ካለ ግን ሕልሙ ብዙውን ጊዜ እዚያው ያበቃል። አሜሪካዊው ኢዝሊ ብላክዉድ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያፈለቀው «አራት ኖ ትራምፕ» የተባለው ጥሪ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው፦ ስንት አስ ይዘሃል?

ተጋጣሚ ግን እጁን አጣጥፎ አይመለከትም። አጋሮቹ በስፔድ ተስማምተው ጥያቄው እንደወጣ፣ ኸርት የበዛለት ተጋጣሚ መልሱ ሳይሰማ «አምስት ኸርት» ብሎ ጣልቃ ይገባል። የተለመዱት መልሶች አብዛኞቹ ከዚህ ጥሪ ስለማይበልጡ በአንድ ጊዜ ተዘጉ።

ዶፒ የሚባለው ስምምነት የሚደነቀው እዚህ ላይ ነው። አስ የሌለው ተጠያቂ ቀዩን የደብል መጥሪያ ካርድ ያወጣል፤ አንድ ያለው አረንጓዴውን የፓስ (የማለፍ) ካርድ፤ ሁለት ያለው «አምስት ስፔድ» ይላል። ከሦስቱ አንዱም ከአምስት ስፔድ አያልፍም፤ ስለዚህ ጠያቂው አስ ከጎደለው ስላሙን ትቶ እዚያው መቆም ይችላል። ጣልቃ የገባው ተጋጣሚ መንገድ የዘጋ መስሎት፣ ቀድሞ መልስ ሊሆኑ የማይችሉትን ደብልንና ፓስን ለተጠያቂው አበረከተለት።

ነገሩ ምስጢርም አይደለም። የብሪጅ ሕግ የተደበቀ ስምምነት ስለማይፈቅድ ተጋጣሚው ትርጉሙን ቢጠይቅ ይነገረዋል። ቢነገረውም፣ አንዴ ያወጣውን አምስት ኸርት መመለስ አይችልም።