አጥንት ካለ ጥበቃው ለምን?

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያላነበበ ተማሪ በመካከላችን አለ ብለን አንገምትም። ያላነበበውም ቢሆን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሰምቶታል። ስለዚህ ታሪኩን እንደገና በመተረክ ወረቀት አንፈጅም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙት ከዚህ መጽሐፍ ልናነሣ የፈለግነው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም የሰውን ጠባይ የሚሠራው ምንድን ነው? የሚለው ነው። ደም ነው? አስተዳደግ ነው? ወይስ ልማድ?

ጥያቄው የመጣው ከንባብ ክበባችን ነው። አንዲት እኅታችን፣ «እኔ ሰብለን አልወዳትም፤ ስታለቅስ ኖራ መነኮሰች» አለች። አንዱ ቀበል አድርጎ፣ «ምን ታድርግ ታዲያ፣ ሴት ናት እኮ!» ሲል፣ ሌላው ደግሞ፣ «ሴት ስለሆነች አይደለም፣ ሴት ስለተደረገች ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ ማን ይተኛል!

ከፊታውራሪ መሸሻ እንጀምር። ለፊታውራሪ ነገሩ ያለቀለት ነው፤ ሰው ማለት አጥንቱ ነው። ጨዋ ከጨዋ ይወለዳል፣ ባላገር ከባላገር። በዚህም የተነሣ ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን አጥንት ሲፈለግ የልጅቱ ዕድሜ ይገፋል። እኛን መጽሐፉን ለሁለተኛ ጊዜ ስናነብ ያስገረመን ግን ሌላ ነገር ነው። አጥንት ይህን ያህል ኃይል ካለው ልጅቱ ለምን ትጠበቃለች? ፈረስን ፈረስ እንዲሆን ማንም አያስተምረውም። ሰብለን «የጨዋ ልጅ» ለማድረግ ግን ቤቱ በሙሉ ይደክማል፤ አባት ይቆጣል፣ እናት ትመክራለች፣ በር ይዘጋል። ይህ ሁሉ ድካም ራሱ ምስክር ነው። ፊታውራሪ በአፋቸው አጥንትን ያመልካሉ፤ በእጃቸው ግን ቀን ከሌት የሚሠሩት አስተዳደግን ነው። ደራሲው ይህን በቀጥታ ተናግረውት ቢሆን ኖሮ ስብከት በሆነ ነበር። በቤቱ ኑሮ ውስጥ አስቀምጠውት ማለፋቸው በእኛ ግምት ከመጽሐፉ ትልቁ ችሎታ ነው።

እስቲ ፊታውራሪን በራሳቸው ሒሳብ እንግጠማቸው። በአገራችን ልማድ ዘር የሚቆጠረው እስከ ሰባት ቤት ነው። የዛሬው የሥነ ሕይወት ትምህርት እንደሚያስረዳን ልጅ ከአባቱ የሚወርሰው ጂን ግማሽ ያህሉን ነው፤ ከአያቱ በአማካይ ሩቡን፤ እንዲህ እያለ ሰባተኛው ቤት ሲደርስ ከ128 አንድ እጅ ብቻ ይቀራል። በዚያ ደረጃ ላይ ሰው 128 የቅድመ አያት ቦታ አለው። ባላባቱ ግን አንዱን ደጃዝማች ይጠራና 127ቱን ይረሳል! ከተረሱት መካከል ስንት ገባር፣ ስንት ሸማኔ፣ ስንት የቤት ሠራተኛ እንዳለ ማን ያውቃል? ደግሞም ካሳ ዳምጤን እንመልከት። ከዚያው ከባላባት ወገን ተወልዶ፣ ያንኑ ሥርዓት ቀንና ሌሊት የሚያብጠለጥል ሰው ነው። አጥንቱ ዝም ብሎ ካሳን ማስተማር ካቃተው፣ «ጉዱ» የሚል ቅጽል ለጥፎ ማግለል የግድ ሆነ ማለት ነው።

አማርኛችን «ዘር» ሲል የሚዘራውንም የሚወለደውንም ባንድ ቃል ይጠራል። ሪቻርድ ሌዎንቲን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ዘር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 የሰጠው ምሳሌ ለዚህ ቃል የተሠራ ይመስላል። ከአንድ ከረጢት የተዘገነ የእህል ዘር ግማሹ በለም መሬት፣ ግማሹ በተሟጠጠ መሬት ይዘራል። በአንዱ እርሻ ውስጥ አንዱ አገዳ ከሌላው የሚረዝመው በዘሩ ነው እንበል፤ የለሙ እርሻ ከተሟጠጠው እርሻ የሚበልጠው ግን በመሬቱ ነው። ይህን የጎጃም ገበሬ ከሌዎንቲን በፊት ያውቀዋል። ባላባቱ ብቻ ነው የለሙን መሬት ይዞ ሲያበቃ «ዘሬ ነው!» የሚለው።

በዛብህ ከዚህ አንጻር ሲታይ ምንድን ነው? የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ ልጅ ነው፤ ድኻ ነው፤ ግን ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን ተሳሉትና ለትምህርት ደረሰ። መሬቱ ተለወጠለት ማለት ነው። የደረሰበት ዕውቀትም ፊታውራሪ ቤት አስገብቶት ሰብለን ለማስተማር አበቃው። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ ይሏል። ውድነሽ የወለደችው ሴት ልጅ ብትሆን ኖሮስ? ስለቱ ያው ስለት፣ ጂኑም ያው የቦጋለና የውድነሽ ጂን በሆነ ነበር። ቅኔ ቤት ግን አትገባም።

«ሴት ለቅኔ አልተፈጠረችም» የሚል ካለ እዚያው ጎጃም ውስጥ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ነበሩለት። ዓይነ ስውር ናቸው፤ የቅኔ መምህር ከነበሩት አባታቸው ተምረው ራሳቸው ለወንዶች ቅኔ ያስተማሩ ሊቅ ናቸው። አንዳንዱ ጓደኛችን፣ «የመምህር ልጅ ስለሆኑ ነዋ፣ ደም ነው!» ይላል። ታዲያ በየደብሩ የመምህራን ሴቶች ልጆች ስንት ነበሩ? ደሙ ሁሉም ዘንድ ነበረ፤ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ የዘረፈ አባት ነው የጠፋው።

አሁን ደራሲውን እንወቅሳለን። ሐዲስ ዓለማየሁ የአጥንትን ውርስ እስከ ሥሩ ቆፍረው ጥለውታል። የጾታውን ውርስ ግን በግማሽ ተዉት። ፍልስፍናው ለካሳ ተሰጠ፣ ጉዞው ለበዛብህ፣ ለሰብለ የቀረላት መከራውና ታማኝነቱ ነው። ፊደል የቆጠረች፣ ከአባቷ ቤት ለመውጣት የደፈረች ልጅ በመጨረሻ የምታገኘው ቆብ ነው። «ዘመኑ ነው» ይባል ይሆናል። ዘመኑማ ካሳንም አይፈቅድም ነበር።

በሌላ በኩል «ሁሉም ልማድ ነው፣ ሥጋ ቃል የለውም» የሚሉት ጓደኞቻችንም ቸኩለዋል። ካናዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1965 ከተወለዱ መንትያ ወንዶች አንዱ፣ ዴቪድ ራይመር፣ በግርዛት ጊዜ በደረሰ አደጋ ብልቱን አጣ። በባልቲሞር የነበረው የሥነ ልቦና ምሁር ጆን መኒ «ሴት አድርጋችሁ አሳድጉት» አለ፤ ወላጆቹም ቀሚስ አለበሱት፣ ስሙን ለወጡት። ምሁሩ በ1972 ነገሩን የአስተዳደግ ድል አድርጎ ጻፈው። ልጁ ግን በጄ አላለም፤ በ14 ዓመቱ እውነቱ ሲነገረው ወደ ወንድነቱ ተመለሰ። የመኒ ዘገባ ስሕተት መሆኑ በ1997 ታተመ፤ ራይመርም በ2004 በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። አንድ ሰው ሕግ አይሆንም። ቢሆንም ሥጋ እንደ ባዶ ብራና የፈለጉትን የሚጽፉበት አለመሆኑን አሳይቶናል። ግን ደግሞ ልብ በሉ፤ የራይመር ሥጋ «እኔ ሴት አይደለሁም» አለ እንጂ፣ ሴት የሆነች ሁሉ ወጥ ትሥራ፣ ቅኔ አትማር አላለም። ይህን የሚጨምርበት ፊታውራሪ መሸሻ ነው።

ያን ሌሊት ይህን ሁሉ አጥብቃ የተከራከረችው ያችው ሰብለን አልወድም ያለችው እኅታችን ነበረች። ሁላችንንም ረታችን። ሲነጋጋ አንዱ ከልቡ ሊያመሰግናት ፈልጎ፣ «እሷ እኮ ወንድ ናት!» አለ፤ እኛም አጨበጨብን። እሷ ግን መጽሐፏን ይዛ ወጣች።