ከማን ደሴት እስከ ክሊቭላንድ

በ1820ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከማን ደሴት ተነሥተው አትላንቲክን የተሻገሩ ቤተሰቦች ኦሃዮ ውስጥ፣ ክሊቭላንድ አካባቢ ሰፈሩ። ደሴቲቱ በብሪታኒያና በአየርላንድ መካከል ያለች ትንሽ መሬት ናት። የእነዚያን ሰዎች የዘር ሐረግ እየቆጠሩ ወደ ኋላ የሚሄዱ ተወላጆች ትዕግሥት በእውነት የሚደነቅ ነው።

ፈተናው ገና ከአሜሪካው መዝገብ ይጀምራል። እስከ 1840 ድረስ የሕዝብ ቆጠራው በስም የሚጽፈው የቤቱን አባወራ ብቻ ነበር፤ ሚስትና ልጆች በቁጥር ይታለፋሉ። የ1850ው ቆጠራ ነፃ የሆነውን ሰው ሁሉ ከነትውልድ አገሩ መዘገበ። ቆጣሪው በደፈናው «እንግሊዝ» ብሎ ካለፈው ግን ፈላጊው ሌላ ፍንጭ ማሰስ አለበት።

ደሴቲቱ ላይ ደግሞ ኬሊ፣ ኮርሌት፣ ክዌይል የሚሉት የቤተሰብ ስሞች በየአጥቢያው ይደጋገማሉ። አጥቢያዎቹ 17 ነበሩና ትክክለኛውን ሳያውቁ መጀመር ከንቱ ድካም ነው።

እዚህ ላይ የሚያስደስት ነገር አለ። የማን ደሴት ሰዎች ያገባችን ሴት የአባት ቤት ስም አይሰርዙም ነበር። በቀብር መዝገብና በመቃብር ድንጋይ ላይ «ኬሊ አሊያስ ኮርሌት» የሚል ከተገኘ፣ ሟቿ ከኮርሌቶች ተወልዳ ለኬሊዎች የተዳረች ናት። በሌላ አገር መዝገብ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው የእናት ወገን በዚህች አንዲት ቃል ይተርፋል።

በደሴቲቱ የመንግሥት የልደትና የሞት ምዝገባ ግዴታ የሆነው በ1878 ነው። ከዚያ በፊት ላለው ዘመን የቤተ ክርስቲያን መዝገብና ኑዛዜ ይመረመራል፤ ኑዛዜው ባሕር ማዶ የቀረውን ልጅ በስሙ ጠርቶ ሊሆን ይችላልና።