ተርብ የመሰለችውን የእሳት እራት ፎቶ ማንሳት

ነፍሳትን ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ያማረ ምስል ሁሉ የረባ ምስል አይደለም። ይህን አጥብቃ የምታስተምረው ተርብ መስላ በጠራራ ፀሐይ የምትበረው፣ የነብር እራት የምትባለው የእሳት እራት ናት።

እሷን የማነሳበት፣ በጉለሌና በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተሞች ላይ ያረፈው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል 705 ሄክታር ስፋት አለው፤ ከፍታውም ከ2,500 ሜትር ይበልጣል። ክረምት ወጥቶ ሜዳው አደይ ሲለብስ ጠዋቱ ገና ይቆረጥማል። ብርዱ ለሙያችን በረከት ነው፤ እራቷ ሰውነቷ ሳይሞቅ ስለማትበር ፀሐይ እስክትጠነክር ሣር ላይ ተለጥፋ ትቆያለች። ጥላ ሳይጥሉባት፣ ጎንበስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ መጠጋት ነው።

ጥቁር ክንፏ ላይ ብርሃን የሚያሳልፉ ነጠብጣቦች አሉ፤ ሆዷን ቢጫ ወይም ብርቱካናማ መቀነት ይዞረዋል። ተርብ የነደፈው ወፍ አይቷት ያልፋል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ቤትስ የአማዞንን ቢራቢሮዎች አጥንቶ እንዲህ ያለውን መመሳሰል በ1862 እ.ኤ.አ. አብራርቷል። ከነብር እራቶች ግን ብዙዎቹ ራሳቸውም ለወፍ አፍ መራራ ናቸውና አታላይ ብቻ ማለት ግፍ ይሆናል።

ጀማሪ ከላይ ያነሳታል። መቀነቱ ይደምቃል፣ ምስሉ ያምራል፣ ያየው ሁሉ «ተርብ» ይላል። ወፉ የተታለለበት ነገር እኛንም አታለለን ማለት ነው። እኔ ከጎን ማንሳትን እመርጣለሁ። የተርብ ወገብ እንደ ክር ቀጭን ነው፤ የእሷ ግን ደንዳና ሆኖ ቀለሙ ብቻ ያቀጥነዋል። ተርብ የሚነክስ መንጋጋ አለው፤ እሷ የተጠቀለለ መምጠጫ አላት። ብዙ ተርቦች ሲያርፉ ክንፋቸውን በቁመቱ ያጥፋሉ፤ እሷ ግራና ቀኝ ዘርግታ ትቀመጣለች። ማክሮ ሌንስ ጥርት አድርጎ የሚያወጣው ስስ ንጣፍ ብቻ ስለሆነ ትኩረቱ ዓይኗና የአንቴናዋ ሥር ላይ ይሁን።

ተርብ ከሚመስሉት የነብር እራቶች አማታ የሚባል ወገን አለ፤ ከእነሱም የነፍሳት አጥኚው አርተር በትለር በ1876 እ.ኤ.አ. ስም ያወጣላት አማታ አሊሺያ ኢትዮጵያ ውስጥ ትገኛለች። ሆኖም የአማታ ዝርያዎች እጅግ ስለሚመሳሰሉ ብዙ ጊዜ የሚለዩት በመራቢያ አካላቸው ነው። ስለዚህ ምስሉ ሥር «አማታ» ብዬ አቆማለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ድፍረት ለሚያጠናው ሰው እንቅፋት ነው።

አስኮም ቤቴልም የምትኖሩ፣ አጥራችሁ ላይ ቀስ ብሎ የሚበር «ተርብ» ካያችሁ ስልካችሁን አውጡ። ከላይ አንድ፣ ከጎን ሁለት አንሱ፤ ቀኑንና ሰፈሩን መጻፍም አትርሱ።