የእንጦጦ ሩጫና የ«ደም» ሙግት

ኢትዮጵያዊ ሯጭ ባሸነፈ ቁጥር ማብራሪያው አይዘገይም፤ «በደማቸው ያለ ነገር ነው» ይባላል። ሙገሳ ይመስላል፤ የሚያደርገው ግን ሯጩን ሥራውን መንጠቅ ነው።

ዘረመል ድርሻ የለውም ማለቴ አይደለም። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው አምባራስ የሚኖሩ ሰዎች የሄሞግሎቢን መጠንም ሆነ በደማቸው ያለው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ደረጃ ከሚኖር ሰው እምብዛም እንደማይለይ አሳይተዋል። የአንዲስ ነዋሪዎች ሄሞግሎቢን ከፍ ይላል፤ የቲቤቶች ኦክስጅን ዝቅ ይላል። የኛ ደገኞች ከሁለቱም ይለያሉ። ነገር ግን ደጋው ሁሉ የሚጋራው ተፈጥሮ ሻምፒዮኑን ከጎረቤቱ ገበሬ አይለይም።

የሚለየውን የፈለጉም አሉ። ያኒስ ፒትሲላዲስና ባልደረቦቹ የብሔራዊ ቡድን ሯጮቻችንን መርምረዋል። በአባት መስመር አንዳንድ ልዩነት ቢታይም፣ በእናት መስመር ሯጩ ከሌላው ሕዝብ አልተለየም፤ ብዙ የተወራላቸው ኤሲኢና ኤሲቲኤን3 የተባሉት ዘረመሎችም መልስ አልሆኑም። በግልጽ የታየው የማራቶን ሯጮች በብዛት ከአርሲና ከሸዋ መምጣታቸው፣ በልጅነታቸውም ሩቅ ትምህርት ቤት እየሮጡ መመላለሳቸው ነው። ያጡትን አጣን ብለው ማሳተማቸው ያስመሰግናቸዋል።

የዲባባ እህትማማቾችስ? እጅጋየሁ፣ ጥሩነሽና ገንዘቤ ሦስቱም የኦሎምፒክ ሜዳሊያ አላቸው፤ ደራርቱ ቱሉም ዘመዳቸው ናት። ይሁን እንጂ እህትማማቾች ከደም ሌላ ቤትን፣ መንገድንና አርአያን ይጋራሉ። በአርሲዋ በቆጂ ከተማ አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ያፈሯቸው ደራርቱና ቀነኒሳ ደግሞ የአንድ ቤት ልጆች አይደሉም።

ቸል የተባለው ልምምዱ ነው። ከየካ በላይ፣ በእንጦጦ ጫካ፣ ማለዳ ላይ አንዱ ይመራል፤ ሌሎቹ በአንድ ረድፍ የፊተኛውን እግር እያዩ ይከተላሉ። መሪው በባሕር ዛፎቹ መሃል ይጠማዘዛል፤ ዳገቱን ፊት ለፊት አይጋፈጠውም፣ አግድሞ ይቆርጠዋል እንጂ። መጠማዘዙ ፍጥነቱን ስለሚይዘው ቀላሉ ቀን ቀላል ሆኖ ይውላል፤ ሥሩና ድንጋዩ ግን ቁርጭምጭሚቱን ያሠራዋል። ከኋላ ያለው እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ከፊቱ ካለው ይማራል። ቦታውም በአየሩ ይመረጣል፦ ቀዝቃዛው እንጦጦ ወይም ሞቅ ያለው አቃቂ። ከሯጮቹ ጋር አዲስ አበባ የኖረው አንትሮፖሎጂስት ማይክል ክሮሊ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ ብቻውን የሚሮጥ ለጤናው እንደሚሮጥ፣ መለወጥ የሚሻ ግን ከሰው ጋር መሮጥ እንዳለበት የሚያምኑ ሯጮችን ያስተዋውቀናል። ይህ የተደራጀ እውቀት ነው፤ የስፖርት ሳይንሳችን ግን እንደ ልማድ አይቶ አልፎታል።

«ደም» የሚለው ማብራሪያ የሚከፋው ላልተሳካላቸው ነው። ኮተቤና ካራ ቤት ተከራይተው፣ ለዓመታት ሌሊት እየተነሡ ኮሮኮንች ላይ የሮጡ፣ የውጭ ውድድር ግን ያላገኙ ወጣቶች አሉ። ደማቸው ከሻምፒዮኖቹ ደም አይለይም። ሻምፒዮኖቹን ያፈራው የእነዚህም ላብ ነው፤ ረድፉ ያለ እነሱ አይሞላም። ድሉን ለዘር የሚሰጥ ሁሉ ከእነዚህ ልጆች ላይ ይወስዳል።