የካርታው ምስክር ማን ነው?

በአውሮፓና በአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት የጥንት ካርታዎች ክፍል ገብቶ ኢትዮጵያን የሚፈልግ አንባቢ ሁለት የታወቁ ኅትመቶች ያጋጥሙታል። አንደኛው አብርሃም ኦርቴሊየስ እ.ኤ.አ. በ1573 ያሳተመው የ«ቄስ ዮሐንስ» ግዛት ካርታ ሲሆን፣ ሁለተኛው በ1683 የወጣው የሂዮብ ሉዶልፍ የሐበሻ ካርታ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ከሁሉ በላይ የሥዕል ጥበብ ሳይሆን የምስክር ጉዳይ ነው።

ኦርቴሊየስ ግዛቱን ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ አሻግሮ ይዘረጋዋል፤ ዓባይንም ከበጥሊሞስ በተወረሰው ትምህርት መሠረት በዚያ ካሉ ሁለት ሐይቆች ያስነሣዋል። ሆኖም ሥራውን ተረት ብሎ መጣል አይገባም። የንጉሥ ልጆች በተራራ ላይ ይጠበቁ እንደ ነበር መመዝገቡ የአምባ ግሸንን እውነት ያስታውሳል። ጉድለቱ እውነቱና ተረቱ በአንድ መዳብ ላይ እኩል መቀረጻቸው ነው።

ሉዶልፍም ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም። በእርሱ ካርታ ግን ዓባይ ከጎጃም ይነሣል፣ በጣናም ያልፋል። የካርታው መሠረት የኢየሱሳዊው የማኑኤል ደ አልሜይዳ ሥራ ነው፤ ይህንም ቴሌስ በ1660 አሳትሞት ነበር። በሌላ በኩል፣ በስደት ሮም የነበሩት የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ በ1649 ከሉዶልፍ ጋር ተገናኝተው፣ በ1652 ጎታ ድረስ ሄደው ስለ አገራቸው አስተምረውታል። እርሳቸው በ1658 ወደ ምሥራቅ ሲመለሱ በመርከብ አደጋ ሞቱ፤ ካርታው የታተመው ከ25 ዓመት በኋላ ነው።

የቤተ መጻሕፍት መዝገብ በልማዱ የሠዓሊውን፣ የቀራጩንና የአሳታሚውን ስም ይጠይቃል፤ የመስካሪውን አይጠይቅም። ሉዶልፍ ግን በ1681 የታሪክ መጽሐፉም ሆነ በ1691 ማብራሪያው የአባ ጎርጎርዮስን ውለታ በግልጽ መስክሯል። እንግዲህ ዝምታው የመዝገቡ እንጂ የደራሲው አይደለም።

ይህ ማለት ካርታው የአባ ጎርጎርዮስ ነው ማለት አይደለም። እንዲህ ብንል አንዱን ስም ለማንሣት ሌላውን እንቀብራለን፤ ኦርቴሊየስን የነቀፍንበትንም የምንጮች መደባለቅ እኛው እንደግመዋለን። የሚጠበቅብን ካርታውን ከመጽሐፎቹ ጋር አያይዘን በማንበብ የትኛው ቃል ከማን አንደበት እንደ ወጣ መለየት ነው። ይህን ሥራ ግዕዝና አማርኛ የሚያነብ ምሁር ካልሠራው፣ የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ ብቻውን ይሠራዋል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።