ከገል የተነሣ ጥበብ

ጥንታዊ ኪነ ጥበብ አንሠራራ ሲባል ምስጋናው ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው ለሙታን ነው። የሜክሲኮው ሸክላ ሠሪ የኹዋን ኬሳዳ ሥራ ግን ይህን ልማድ እንድንመረምር ያስገድደናል።

በሰሜን ሜክሲኮ፣ በቺዋዋ ክፍለ ሀገር የነበረችው የፓኪሜ ከተማ በ15ኛው መቶ ዓመት ስትፈርስ ኅብረ ቀለማዊው የሸክላ ጥበቧም አብሯት ጠፋ። ከፍርስራሹ ብዙም በማትርቀው በማታ ኦርቲዝ መንደር ያደገው ኬሳዳ (1940–2022 እ.ኤ.አ.) በልጅነቱ ለእንጨት ለቀማ ተራራ ሲወጣ ገሎች ያገኝ ነበር። ከእነዚህ በቀር መምህር አልነበረውም። ጭቃው እየተሰነጠቀ ባስቸገረው ጊዜ የገሉን ስባሪ ጠርዝ አተኵሮ ተመለከተና አሸዋ እንደተቀላቀለበት ተረዳ። በዚህ ዓይነት ስባሪውን ሲጠይቅ ዓመታት አለፉ። በመጨረሻም ያለ መንኰራኵር አንድ ወፍራም የጭቃ ጥቅል በመሠረቱ ላይ አዙሮ ግድግዳውን በጣቱ እያሳሳ ማቆምን፣ ከሰው ጠጕር በተሠራ ብሩሽ መንደፍን፣ በኩበት መተኰስን ለራሱ አስተማረ።

ነጋዴዎች የመጀመሪያዎቹን ማሰሮዎች አሮጌ አስመስለው በጥንት ቅርስነት ይሸጡ ነበር። ይህ ለእጁ ምስክርነት፣ ለስሙ ግን ሞት ነበር። በ1976 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ስፔንሰር ማካለም በኒው ሜክሲኮ ከአንድ አሮጌ ዕቃ መደብር ሦስት ማሰሮዎች አግኝቶ ሠሪያቸውን ፍለጋ ድንበር ተሻገረ። ከዚያ ወዲህ የማሰሮው ግርጌ የሠሪውን ስም ተሸከመ። ኬሳዳ እኅት ወንድሞቹን አስተማረ፤ ጥበቡም ለመላው መንደር እንጀራ ሆነ። በ1999 እ.ኤ.አ. የሜክሲኮን ብሔራዊ የሳይንስና የኪነ ጥበብ ሽልማት ተቀበለ።

በፓኪሜ ማሰሮዎች ላይ ሥዕሉ ብዙውን ጊዜ በአግድም መስመሮች ተከልሎ ይታያል። ኬሳዳ ይህን አጥር አፈረሰ፤ መስመሩ ከአፍ እስከ ግርጌ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ተመልካቹ ማሰሮውን ማዞር ግድ ይሆንበታል። ስለሆነም ሥራው ትንሣኤ ሳይሆን አዲስ ልደት ነው ማለት ይቀላል።

የሚያሠጋውም ከጥንቱ መራቅ አይደለም። ከመንደሩ ከሚወጡት አንዳንዶቹ በጥቃቅን ጌጥ ከመታጨቃቸው የተነሣ ዓይን ማረፊያ ያጣል። ይህ የእጅ ድክመት ሳይሆን ገዢን የመፍራት ውጤት ነው። ኬሳዳ ገሉን ጠየቀ እንጂ አልገለበጠውም። ተከታዮቹም ከእርሱ ሊወርሱ የሚገባው ንድፉን ሳይሆን ጥያቄውን ነው።