እስክንድርያ በደራሲዎቿ ዐይን

የአንድን ጥንታዊ ከተማ ታሪክ በደራሲዎቹ ሕይወት በኩል መመልከት መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን የምንከተለው ደራሲ ያላየውን እኛም ሳናይ እንዳንመለስ ያሠጋል። ለዚህ ነገር እስክንድርያን ምስክር እጠራለሁ። ስሟ ከማርቆስ መንበር የተነሣ ለእኛ አገር አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ የዛሬው ጕዳያችን ግን በቅርቡ ዘመን ስለ ኖሩባት ጸሓፊዎች ነው። ዓመታቱም ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።

እንግሊዛዊው ደራሲ ፎርስተር በ1915 በቀይ መስቀል ሥራ ወደ ከተማይቱ መጣ፤ በ1922ም ታሪኳንና የመንገድ መሪዋን በአንድ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ እጅግ የሚያስደስት ነው፤ መንገደኛው በአንድ አደባባይ ቆሞ በዚያ ስፍራ የሆነውን ታሪክ ወዲያው ገልጦ እንዲያገኝ ሁለቱን ክፍሎች በገጽ ቍጥር አያይዟቸዋል። በመካከላቸውም የካቫፊን አንድ ግጥም በትርጕም አስገብቷል። ይሁን እንጂ ዐረቦች ከተማይቱን ከያዙበት ከ7ኛው መቶ ዓመት አንሥቶ ናፖሌዎን እስከ ደረሰበት እስከ 1798 ያለውን፣ ከሺህ ዓመት የሚበልጠውን ዘመን፣ በጥቂት ገጾች ሮጦ ያልፈዋል። የኖረ ሕዝብ እንዲህ አይታለፍም።

ካቫፊ ራሱ በ1863 በእስክንድርያ ተወልዶ በ1933 በእስክንድርያ የሞተ ግሪካዊ ባለቅኔ ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል በመስኖ መሥሪያ ቤት በጸሓፊነት አገለገለ፤ ግጥሞቹንም ለገበያ ሳያቀርብ በየወረቀቱ እያሳተመ ለወዳጆቹ ያድል ነበር። በሌፕሲየስ መንገድ ከነበረው ቤቱ በታች የሴተኛ ዐዳሪዎች ቤት፣ በአቅራቢያው ቤተ ክርስቲያን፣ ፊት ለፊቱም የግሪኮች ሆስፒታል ነበረ። የሞተውም በዚያው ሆስፒታል ነው። በግጥሞቹ የምናገኛቸው ግን የጥንት ነገሥታትና የተዘጉ ክፍሎች ናቸው፤ ዐረብኛ ተናጋሪው ጎረቤቱ ብዙ ጊዜ አይታይም።

ይህን ፍርዴን አንድ ነገር ያናውጠዋል። በ1906 እንግሊዞች በደንሸዋይ መንደር አራት ግብፃውያንን ሰቀሉ። ካቫፊ በ1908 ልጇ ስለ ተሰቀለባት እናት ግጥም ጻፈ። እርሱ ግን በእንግሊዞች ቍጥጥር ሥር ባለ መሥሪያ ቤት እንጀራ የሚበላ ሰው ነበረ፤ ግጥሙም የታተመው ከሞተ በኋላ ነው። እንግዲህ የደራሲን ከተማ የሚሻ ሰው በመሳቢያ የቀረውንም ይመርምር።

እንግሊዛዊው ዳረል በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እዚያው ሠርቷል፤ ከ1957 እስከ 1960 ያወጣቸው አራት ልብ ወለዶችም የከተማይቱን ዝና በዓለም አሰሙ። ባለጸጎቹን ቅብጦች በሚገባ ይሥላቸዋል፤ ድኻው ግን በመጻሕፍቱ ውስጥ ከአገልጋይነት የሚያልፍ ድርሻ ብዙም የለው። የአገሩ ተወላጅ ኢብራሂም ዐብደል መጊድ በ1996 ያሳተመው «በእስክንድርያ ማንም አያንቀላፋም» የተባለው ልብ ወለድ ታሪክ ስለዚያው ጦርነት ነው። ዋና ሰዎቹ ከገጠር የመጣ ሙስሊምና ወዳጁ የሆነ ቅብጥ ክርስቲያን ሲሆኑ፣ ሁለቱም የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ናቸው። እኔ ከዳረል ያጌጠ ቃል ይልቅ የእነዚህን ሰዎች ድካም እመርጣለሁ።

የካቫፊ ቤት በ1992 ሙዚየም ሆነ፤ ታድሶም በ2024 እንደ ገና ተከፈተ። ወደዚያ የሚሄድ አንባቢ ሲወጣ በዚያው አይመለስ፤ የዐብደል መጊድን መጽሐፍ ይዞ እስከ ጌት ኤል ዒነብ ሰፈር ይዝለቅ።